ያልመጣው ካሴት

ጋሼ አካለ ወልድ ሕንድኛ አያውቁም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ለምን ደበቅሽን?» እንዳትሉኝ ነው። ሕንድኛ አያውቁም፤ እንግሊዝኛቸውም ከ«ኖ» እና ከ«አይ ላቭ ዩ» እምብዛም አያልፍም። እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ቢቸና ላይ ሰባት ዓመት ሙሉ የሕንድ ፊልም አስተርጓሚ ሆነው የኖሩት። እኛ ልጆቹ ብቻ ሳንሆን ጺማቸው የሸበተ ሰዎች ጭምር ከአፋቸው የወጣውን ሁሉ አምነን ስናለቅስና ስናጨበጭብ ኖርን። ዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ፣ ሞጣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆኜ፣ የሰው ደም ግፊት እየለካሁ እንኳ አንዳንዴ ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል።

ቪዲዮ ቤቱ ዘመነ የሚባል ሰው ንብረት ነበር። ዘመነ እህል ነጋዴ ስለነበር አዳራሽ የምንለው የድሮ የጤፍ መጋዘኑን ነው። መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ ተደፍኗል፤ አግዳሚው ከባሕር ዛፍ የተመታ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ርዕስ አይጻፍበትም፤ ርዕሱን ማን አንብቦት! «የሕንድ። ዘፈን አለው። ልቅሶ አለው።» ይላል። ልቅሶ የሌለው ቀን ሰው ስለማይገባ ዘመነ ለካራቴ ፊልም ሳይቀር «ልቅሶ አለው» ብሎ ይጽፍ ነበር። ምስሉ ላይ በረዶ መዝነብ ሲጀምር ጋሼ አካለ የካሴት ማጫወቻውን ዴክ ከፍተው ጭንቅላቱን አረቄ በነካ ጥጥ ይጠርጉታል፤ የተረፈችውን «ይቺ ደግሞ ለተርጓሚው» ብለው ይጎነጯታል።

ከዚያ በፊት ዲማ የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ብዙ ዓመት ቆይተው፣ ለመመረቅ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የኔታ ጨው እንዲገዙ ቢቸና ላኳቸው። ከጆንያው ቀዳዳ ዘፈን ሰሙና ገቡ። ጨውም አልተገዛ፣ ዲማም አልተመለሱ። የኔታ ሦስት ቀን አልጫ በልተው በአራተኛው ሌላ ተማሪ ላኩ ይባላል፤ ይህን የሚያወሩት ግን ራሳቸው ጋሼ አካለ ስለሆኑ እውነትነቱን አላረጋግጥም። ከዲማ ይዘውት የቀሩት መቋሚያቸውን ነው።

ትርጉም ስል ቃል በቃል እንዳይመስላችሁ። መቋሚያቸውን ይዘው ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆማሉ። ሕንዶቹ ሲነጋገሩ በጽሞና ያዳምጣሉ፤ ከዚያ መቋሚያውን አንዴ መሬት መታ አድርገው ይጀምራሉ። ለሁሉም የአገር ስም ሰጥተዋቸዋል። ቆንጆዋ ሁልጊዜ የሺእመቤት ናት። አክተሩ ባየ ነው። ፍርድ ቤት ያለበት ፊልም ሲሆንማ አዳራሹ አይበቃቸውም፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው «ተጠየቅ!» ብለው ሲነሡ ዳኛውም፣ ከሳሹም፣ ተከሳሹም እሳቸው ናቸው። «ጋሼ፣ ቋንቋውን ከየት አወቁት?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ሰው ሲዋሽ ሕንድም ይሁን የእነሴ ሰው ዓይኑን ነው የሚያሸሸው። ቋንቋ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። እኔም ሕንድ ማለት ከዓባይ በረሃ ማዶ ያለ ወረዳ መስሎኝ አደግሁ።

አንድ ደንብ ግን ነበራቸው። ፊልም በሚታይበት ቀን ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ፣ በር ዘግተው ካሴቱን ከዘመነ ጋር ከዳር እስከ ዳር ያዩታል። «ሳያጠኑ ማኅሌት መቆም ነውር ነው» ይሉ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

የካቲት ሰማንያ ዘጠኝ ላይ እናቴ፣ ስሟ አገሬ ነው፣ ታመመች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ራሷን ስታ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ጭነው ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዷት፤ አባቴም አብሯት ሄደ። እኔን አክስቴ ዘንድ ተዉኝ። ያኔ ስልክ የለ፣ ምን የለ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወሬዋ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ራሴን ይዳብሰኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ሞኝ አልነበርኩም፤ ያለ ምክንያት ራስ እንደማይዳበስ አውቃለሁ። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ማልቀስ ፈልጋ ነው መሰለኝ ሳንቲም ሰጥታ ወደ ቪዲዮ ቤት ሰደደችኝ።

የዚያን ቀን ፊልም ሁለት ካሴት ነበር፤ ረጃጅሞቹ የሕንድ ፊልሞች አንድ ካሴት አይበቃቸውም። የሺእመቤት የምትባል እናት ትታመማለች። ትንሿን ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ በባቡር ሩቅ ከተማ ሄዳ ሆስፒታል ትተኛለች። ልጅቱ በየቀኑ ጣቢያ እየሄደች ከባቡር የሚወርደውን ሰው ፊት ታያለች። እናቷ የለችም። በማግስቱም የለችም። የመጀመሪያው ካሴት ያለቀው ልጅቱ ባዶ ጣቢያ ላይ ብቻዋን ቆማ፣ እናትየዋ አልጋ ላይ ዓይኗን ስትከድን ነው።

እኔ ከፊተኛው አግዳሚ ተነሣሁ። ማን እንዳስነሣኝ እንጃ። «ጋሼ፣ እናቷ ትመጣለች አይደል?» አልኩ።

እናቴ ደብረ ማርቆስ መተኛቷን የማያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ጋሼ አካለ አዩኝ። ካሴት ሊቀይሩ ዴኩ ካለበት ከመጋረጃው ኋላ ገቡ፤ ዘመነም ተከተላቸው። ቆዩ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻ ባዶ እጃቸውን ወጡ።

«ወገኖቼ፣ ይቅርታ» አሉ። «ሁለተኛው ካሴት ከደብረ ማርቆስ አልመጣም። ታሪኩን ግን ከላኪው ሰው ሰምቻለሁ። የሚፈልግ ይቀመጥ፤ እነግራለሁ።»

ዘመነ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ጥቂት ሰው ተሳድቦ ወጣ፤ ሌላው ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ በጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ቆመው ተናገሩ። ዶክተሩ ሲጨነቅ፣ መድኃኒቱ ሲገኝ፣ የሺእመቤት አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ውኃ ስትጠይቅ፣ ሁሉንም አየነው። ዘፈኑን እንኳ አልተዉትም፤ ራሳቸው አዜሙት፣ ዜማው ወደ ማኅሌት ቢያዘነብልም። ከዚያ የመጨረሻው ባቡር መጣ። ሰው ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ። ልጅቱ ፊቷን አዙራ ልትሄድ ስትል፣

«አትሂጂ!» አሉ መቋሚያውን መሬት መተው። «የታመመ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚወርደው። ጉልበት የለውማ! ሰው አለቀ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ቆዩ።» ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር።

የሺእመቤት ከሁሉም ኋላ፣ የባቡሩን እጀታ ይዛ ወረደች። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እስከ ዛሬ ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ የሚበልጥብኝ ያ ያላየሁት ነው።

ከሰኞ ጀምሮ መናኸሪያ መቆም ጀመርኩ። ከደብረ ማርቆስ መኪና ሲመጣ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ፣ ረዳቱ በሩን እስኪዘጋ እቆማለሁ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ፣ ረዳቱ በሩን ይዞ ሳለ፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ ሰው አለ» የሚል የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። እናቴ አባቴን ተደግፋ ወረደች። ከስታ እጇ እንጨት አክሏል። እኔ አላለቀስኩም፤ እንደምትመጣ አውቅ ነበራ። ያለቀሱት ሌሎቹ ናቸው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ ለጊዮርጊስ ንግሥ፣ ከተማው ለዘመናት የሚስቅበት ነገር ተፈጠረ። ጋሼ አካለ ዘርፉ የወርቅ፣ መደቡ ቀይ የሆነ አዲስ ጥላ ተሸክመው ለስለት አገቡ። ስለት ማግባት ብርቅ አይደለም፤ መካን ሴት ልጅ አግኝታ፣ የታሰረ ሰው ተፈቶ ጥላ ያገባል። ግን ጋሼ አካለ ምን አግኝተው? ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ ከብት የላቸው። «ለምን ተሳሉ?» ሲባሉ «ጊዮርጊስና እኔ እናውቀዋለን» ብቻ ነው መልሳቸው። ዘመነ ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሰውም የራሱን መልስ ሰጠ፤ ለሚስት ተስለው ነው ተባለ። ዓመታት አልፈው ሚስት ሳትመጣ ስትቀር ቀልዱ እየበሰለ ሄደ። ከሁሉ የባሰችው ደግሞ እናቴ ናት። በጎዳና ባገኘቻቸው ቁጥር፣ «አካለ ወልድ፣ ጊዮርጊስ ጥላውን ተቀብሎ ሚስቱን ረሳት?» ትልና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እሳቸውም ኮፍያቸውን አንሥተው ፈገግ ይሉና ያልፋሉ።

ዘመን ሄደ። ዲሽ መጣ፤ የዘመነ አዳራሽ መልሶ የጤፍ መጋዘን ሆነ። ጋሼ አካለ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ራፖር ጸሐፊ ሆኑ። የሚጽፉት አቤቱታ ግን የፊልም ነገር አልለቀቀውም፤ «ተከሳሽ ጀርባውን ሰጥቶ ሲስቅ፣ ከሳሽ በዝናብ ውስጥ ብቻዋን ስትቆም» እያሉ የአጥር ክርክር ይጽፋሉ። አንድ ዳኛ «ይህ ክስ ነው ወይስ ዘፈን ይቀረዋል?» ብለው መልሰውባቸዋል አሉ። ሲኒማ ፍቅራቸው ግን አልበረደም። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለዘመድ ልቅሶ ሄደው፣ ከድንኳኑ ጠፍተው እውነተኛ ሲኒማ ቤት ገቡ። መብራት ሲጠፋ ደስታው አላስችል ብሏቸው ከጎናቸው ለተቀመጠው ሰው መተርጎም ጀመሩ። በር ጠባቂው መጥቶ አስወጣቸው። ፊልሙ አማርኛ ነበር። «አማርኛ መሆኑን አጥቼው ነው?» አሉኝ ሲነግሩኝ፤ «ግን በደንብ አልገለጹትማ!»

የእኔም ዕዳ ቀላል አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ነርሲንግ ስማር አንድ ሕንዳዊ መምህር ነበረን። ሕንድ አገር ሰው አገኘሁ ብዬ ተንደርድሬ ሄጄ «የሺእመቤትን ያውቋታል?» አልኳቸው። መምህሩ የስም መጥሪያቸውን ከፍተው ከኤ እስከ ዜድ ፈለጓት። ያን ቀን ነው የጋሼ አካለ ሕንዶች ሕንድ ውስጥ እንደሌሉ የገባኝ። በውርደት ልሞት ደረስኩ። ሆኖም የዚያን የቅዳሜ ፊልም ዘፈን አፌ ላይ የቀረውን ያህል ሳዜምላቸው መምህሩ ሳቁና የፊልሙን ትክክለኛ ስም ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ወረቀቷን ዓመታት ሙሉ በቦርሳዬ ይዤ ዞርኩ። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ለሥልጠና ስሄድ፣ ኔትወርኩ ደህና ነበርና፣ ፈልጌ አገኘሁት፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለው ሙሉ ፊልም። ስልኬ ላይ ጫንኩት። ማየቱን ግን ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁት።

ጥር ላይ እናቴ ደወለች። «አካለ ወልድ ዓይኑ ሄደ» አለችኝ። «ትላንት ለሰው ሲጽፍ ብዕሩ ከወረቀቱ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ይጽፋል። ሰው አይቶ ዝም አለው። አንቺ እዚያ ሆስፒታል ምን ትሠሪያለሽ?»

የሚገርመው፣ የካቲት ላይ ሞጣ የዓይን ሞራ ሐኪሞች በዘመቻ ሊመጡ ነበር። በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቢቸና ወረድኩ። ጋሼ አካለ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ባዶ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ነጭ ጉም ለብሰዋል። ነገሩን አስረዳሁ፤ ሕመም የለውም፣ ሃያ ደቂቃ ነው፣ በነጋታው ፋሻው ይነሣል። አልሰማ አሉ።

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ የኔ ልብ ያያል። የሚታየውን ሁሉ አይቻለሁ። ይብቃኝ።»

«ፈርተው ነው» አልኳቸው። እኔ ለስላሳ ሰው አይደለሁም፤ ሰው ዓይኑን በገዛ እጁ ሲጥል ዝም ማለት አልችልም። «ቅኔውን ለወጣት ይንገሩ። እርስዎ መርፌ ፈርተው ነው።»

«ብፈራስ? ዓይኑ የኔ አይደለም እንዴ?»

ያኔ ነው ምላሴ የሮጠው። «ሁለተኛው ካሴት ተገኝቷል» አልኩ።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «የትኛው?»

«የየሺእመቤት። ያ ያልመጣው። ስልኬ ውስጥ አለ። ዓይንዎ ሲበራ ፋሻው እንደተነሣ አሳይዎታለሁ።»

እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ብዕር ፈለገ፣ አላገኘም። እኔ ጉጉት መሰለኝ። «አንቺስ አየሽው?» አሉ በመጨረሻ።

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያስ እመጣለሁ» አሉ። እኔም በብልጠቴ ኮርቼ ሞጣ ተመለስኩ።

ቀጠሮው በደረሰ ዋዜማ ቤቴ ቁጭ ብዬ ፊልሙን አየሁት። እናትየዋ ሞተች። ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሞተች፤ ነጭ አንሶላ ፊቷ ላይ ሳቡ። ልጅቱ ጣቢያ ላይ ቆማ አደገች፣ ፊልሙም አለቀ። የሚወርድ ሰው የለም። መጀመሪያ ያለቀስኩት ለራሴ ነው፤ የዘጠኝ ዓመቷ እኔ ያንን ብታይ ምን ትሆን እንደነበር ሳስበው። ቀጥሎ ደነገጥኩ። እኚህ ሰው እናቲቱ ወረደች የሚለውን ፍጻሜ ሃያ ስምንት ዓመት እንደ እውነት ሲናገሩት ኖረዋል። የምኮራበት ብልጠቴ ጉድ ሠራኝ፤ ዓይናቸው በርቶ መጀመሪያ የሚያዩት መሳሳታቸውን ሊሆን ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። ዶክተሩ ከዓይን ውስጥ የወጣውን ሞራ ሊያሳየኝ ሲል እኔ የማስበው ስልኬን ነበር። ከሰዓት በኋላ የተሠራላቸው ዐሥራ አራት ታካሚዎች ሁሉ አንድ ክፍል ተኝተዋል። አንዱ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሌላው ቀድሞም ሞራ የጋረደው ነው። የሚያይ ሰው በክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ስርጉት፣ አምጪው እንጂ» አሉ ጋሼ አካለ ገና ስገባ።

«ነገ ነው እኮ ያልነው።»

«ነገማ ዓይን አለኝ። ዛሬ ተርጉሚልኝ።»

አጠገባቸው ከሮብ ገበያ ከተማ የመጡ ወይዘሮ ባንቺዓለም የሚባሉ እናት ተኝተዋል። «ፊልም የሚሉት እንዴት ያለ ነው? ዕድሜ ልኬን በዓይኔ አላየሁት፤ እስቲ በጆሮዬ ልየው» አሉ። ሌሎቹም ጆሯቸውን አቀኑ። ምን ላድርግ? ስልኬን ከፍቼ መሐል ቆምኩ።

መጀመሪያ አልሆነልኝም። የልጅቱን እናት በሕንድ ስሟ ስጠራት ጋሼ አካለ አልጋቸውን መቱ፤ «የሺእመቤት በይ! ሰው የማያውቃትን ሴት እንዴት ያዝናል?» አሉ። የሺእመቤት አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ እየገባኝ ሄደ። ባቡሩን ሚኒባስ አደረግሁት። ጎረቤቷን የቢቸና ወይዘሮ አደረግኋት። ዘፈን ሲመጣ ዝም አልኩ፤ ፋሻ ያሰሩ ዐሥራ አራት ሰዎች በዜማው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቱ ጣቢያ ላይ ስትቆም ባንቺዓለም «ወይኔ ልጄን» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ከዚያ ሆስፒታሉ መጣ። አንሶላው ተሳበ፤ ከስልኩ የሚወጣው ዜማ የለየለት ልቅሶ ነው። «ምን ሆነች?» አለ አንድ ሰው። ባንቺዓለምን አየሁ፣ ጋሼ አካለን አየሁ። ፊታቸውን ወደ እኔ አቅንተው ይጠብቃሉ። ልክ እንደ ዘጠኝ ዓመቷ እኔ።

«ይሄ የደስታ ልቅሶ ነው» አልኩ። «ውኃ ጠየቀች። ተሻላት።»

ከዚያ ወዲያ ስልኩን ማየት ተውኩ። የመጨረሻውን መኪና አመጣሁት። ሰው ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ። የሺእመቤትን የበሩን እጀታ አስይዤ አወረድኳት። ባንቺዓለም እልል አሉ፤ ሁሉም አጨበጨቡ፤ ኃላፊዋ ነርስ ምን መጣ ብላ ሮጣ ገባች። ጋሼ አካለ ግን አላጨበጨቡም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። መዋሸቴን አወቁብኝ ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ጠዋት ፋሻ ሲነሣ ከዳር ስለተጀመረ የመጨረሻው ሰው ጋሼ አካለ ሆኑ። ዶክተሩ ጣቶቹን አሳያቸው። «ሦስት» አሉ። «ሸሚዝህ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውኃ ሞልቶ ብዙ አዩኝ። «ስርጉትዬ፣ አንቺም እኮ አረጀሽ!» አሉ። እንዲህ የሚያስደስት ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።

«አሁን አምጪው» አሉ።

ባትሪ ዘግቷል አልኩ፤ አላመኑኝም። ስልኩን ከአፍንጫቸው አስጠግተው የመጨረሻዎቹን ዐሥር ደቂቃዎች አዩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የአልጋቸውን ብረት ጨብጫለሁ። ሲያልቅ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሞተች» አሉ።

«አዎ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ያን ሁሉ ዘመን ትመጣለች ብለው ሲናገሩ ኖረው፣ ተሳስተዋል ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

ሳቁ። «እኔማ መቼ ተሳሳትኩ? ያን ቅዳሜ ጠዋት ከዘመነ ጋር በር ዘግተን አጥንቼዋለሁ። አንሶላው ሲሳብ እኔም አልቅሻለሁ።»

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። «ካሴቱ አልመጣም አላሉም?»

«መጥቶ ነበር። ሁለቱም በአንድ ላስቲክ ታስረው ነው የመጡት። ሁለተኛውን ልክተት ብዬ ከመጋረጃው ኋላ ገብቼ፣ እጄ ላይ ይዤው፣ ‹እናቷ ትመጣለች አይደል?› ያልሽው ጆሮዬ ላይ አለ። እንዴት አድርጌ ልክተተው? ዘመነ ‹ሰው ገንዘቡን መልስ ይለኛል› አለ፤ ‹ይበልህ› አልኩት። ነገሩን ለማንም እንዳያነሣ ማለ፤ ቃሉንም ጠበቀ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ፍጻሜውን ካወቁት ለምን ፊልሙን ላይ ብለው መጡ?»

«ካሴቱ ተገኘ ስትዪኝ ተይዣለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ልጅ ሆነሽ ዋሽቼሻለሁ፤ አድገሽ ትጠይቂኛለሽ፤ እኔም አፌን ሞልቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ። ትላንት ግን አንቺው ራስሽ አወረድሻት። ዶክተሩ አታልቅስ ብሎኝ ነበር። ወደ ግድግዳው የዞርኩት ለዚያ ነው።»

ቀጥለው ቀስ ብለው፣ «ያን ቅዳሜ ከዋሸሁ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ» አሉ። «አንቺ ደግሞ በየቀኑ መናኸሪያ ትቆሚያለሽ። ባትመጣስ? ሕፃን ልጅ ካለኔ ማን እዚያ አቆማት? ጊዮርጊስ ደጅ ሄጄ ተንበረከክሁ። ‹ዋሽቻለሁ፤ ውሸቴን እውነት አድርግልኝ፣ ጥላ አገባልሃለሁ› አልኩት።»

«ጥላው…» አልኩ።

«ጥላው የእናትሽ ነው።»

ለእናቴ ያን ዕለት በስልክ ነገርኳት። «መቼ ነው የምትመጡት?» አለችኝና ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ አካለን ጥቁር መነጽር አድርጌላቸው ይዣቸው ቢቸና ገባን። ሚኒባሱ ቆሞ ሰው መውረድ ሲጀምር ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ። «ቆይ፤ የታመመ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚወርደው» አሉ። ሰው ወርዶ አለቀ። ረዳቱ «አባት፣ አልወረዱም እንዴ?» አለ። ከዚያ የበሩን እጀታ ይዘው ወረዱ።

እናቴ መናኸሪያው መሐል ቆማለች። የምትስቅ አይደለችም። እጇ ላይ ከገበያ የገዛችው፣ የዋጋ ወረቀቱ ገና ያልተነቀለበት አዲስ የፀሐይ ጥላ ይዛለች። ዘረጋችው፤ ቀርባ በራሳቸው ላይ ያዘችላቸው። ቁመቷ አይደርስምና በእግሯ ጣት ቆመች።

«አካለ ወልድ» አለች፤ «ይህን ሁሉ ዘመን በመንገዱ ሁሉ ስስቅብህ አንዲት ቃል አትተነፍስም?»

ጋሼ አካለ መነጽራቸውን አውልቀው በአዲሱ ዓይናቸው አዩዋት።

«ምን ብዬ ልናገር፣ አገሬ?» አሉ። «አንቺ ስትስቂ ባየሁ ቁጥር ነው ስለቴ እንደ ሰመረ የማውቀው።»